«በቅርብ ቀን» የተባለው ፊልም

በዚያ የፋሲካ ሰሞን ቅዳሜ ከመካኒሳ አቦ ተነስተን ሲኒማ ቤት የሄድነው አራት ነበርን። አንደኛው አባባ ገመቹ ናቸው፤ ሰፈራችን ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ የኖሩ ገበሬ። ያን ቀን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የምትወጣዋን ቡናማ ባርኔጣቸውን አድርገው ነበር። ሁለተኛው የልጃቸው ልጅ ደረጀ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ስለነበር ከልጆቹ ሁሉ ይበልጣል። ሦስተኛዋ ታናሽ እህቴ ሰናይት ናት። ማንበብ የለመደችው በዚያው ዓመት ነበርና ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ካላነበበች አያስችላትም። አራተኛው እኔ ነኝ። ሰናይት አምስት ነበርን ትላለች፤ እስከ ታክሲው የተከተለንን የነአባባ ገመቹን ውሻ ጨምራ ነው። ውሻው ታክሲ ውስጥ ስላልገባ እኔ አልቆጥረውም።

ነገሩ የተጀመረው ከገና በኋላ፣ ታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለ የቆርቆሮ አጥር ላይ በተለጠፈ ፖስተር ነው። በዚያን ጊዜ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የሰፈራችን ሰው ፊልም የሚያየው ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት የጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ላብና የተቆላ ኦቾሎኒ የሚሸት፤ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ አንድ ቴሌቪዥን። ሲኒማ ቤት ግን ከተማ ነው ያለው። ከተማ መሄድ ደግሞ የታጠበ ልብስና የሚያስከትል ትልቅ ሰው ይጠይቃል።

ፖስተሩ ላይ አንድ ሰው ነጭ ፈረስ ይጋልባል። ከኋላው እሳት ነው። ከፊቱ መሃሉ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ አለ። ከሥር በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ማናችንም ማንበብ አልቻልንም። ከላይ ግን ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በወፍራም ቀይ ቀለም አማርኛ ተጽፎበታል። ሰናይት ጣቷን እያስከተለች አነበበችው፦ «በ... ቅርብ... ቀን።»

«አይቼዋለሁ» አለ ደረጀ ወዲያው።

«የት?»

«ከተማ ነዋ! ከአጎቴ ጋር።»

አጎቱ የታክሲ ረዳት ስለነበር ማንም አልተጠራጠረውም። «በቅርብ ቀን» የፊልሙ ስም እንደሆነም ማንም አልተጠራጠረም። ደግሞስ ምን ይጎድለዋል? ለፊልም የሚያምር ስም ነው። በሳምንቱ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ሌላ ፖስተር ተለጥፎ ያንኑ ቃል ስናይበት ደረጀ ራሱን ነቅንቆ «ይሄ ክፍል ሁለት ነው፤ እንደ መጀመሪያው አይሆንም» አለን። እንዲህ ዓይነት ፍርድ መስጠት ያውቅበታል። ፖስተሮቹን እየዞረ «ይሄ ለቪዲዮ ቤት ይሆናል፤ ይሄኛው ግን በሲኒማ ካልታየ አይታይ» ይል ነበር። የነጩ ፈረስ ፊልም በሲኒማ መታየት አለበት የሚልበት ምክንያት ቀላል ነው፦ «ያ ፈረስ ቴሌቪዥን ውስጥ አይገባም።»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ቤት ወርውረን ከአባባ ገመቹ አጥር ጀርባ ወዳለው የድንጋይ ክምር መሮጥ ነው። ድንጋዩ አንድ ሰው ቤት ሊሠራበት አራግፎት የረሳው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ሞቅ ብሎ ይጠብቀናል። ከአጥሩ ወዲያ የላሞቹ በረት ይሸታል፣ ከወዲህ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ደረጀ ከላይ ይቀመጥና ፊልሙን ይተርክልናል። ቀን በቀን ትንሽ፣ ትንሽ። አክተሩ ወንበዴዎች መንደሩን አቃጥለውበት በፈረሱ ይሸሻል፤ ወንዝ ዳር ያድራል፤ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ለራሱና ለፈረሱ ያካፍላል።

«ፈረንጅ ቆሎ ይበላል እንዴ?» አለች ሰናይት።

«ይሄኛው ይበላል።»

«ማን ቆላለት?»

«ዝም ብለሽ ስሚ! እናቱ ናታ!»

አክተር እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ የፊልም ሁሉ ሕግ ነው። የፈረሱን ግን ማንም አያውቅም። ደረጀ ፈረሱን ድልድዩ አፋፍ ድረስ ያመጣውና እዚያ ላይ ያቆማል። በማግስቱ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አዲስ ወንበዴ ይጨምራል። መጨረሻውን እንዲነግረን ስንለምነው «መጨረሻው አይነገርም፤ በሲኒማ ነው» ይለናል።

አንድ ቀን ልክ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከአጥሩ ወዲያ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማና አባባ ገመቹ ብቅ አሉ። ለካ ላም እያለቡም፣ ጭድ እየበተኑም ስንት ቀን ሙሉ ሲሰሙ ኖረዋል። «ፈረሱስ? ዳነ ወይስ ሞተ?» አሉ። ስለ ሰውየው አልጠየቁም። እሳቸውም ቀድሞ ፈረስ ነበራቸው። መሬቱ ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ ሲሄድ የሚሮጥበት ቦታ ቢያጡለት ለሩቅ አገር ሰው እንደሸጡት አባቴ ነግሮኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ይቀመጡ ጀመር። ፋሲካ አልፎ በዚያው ሳምንት እናታችንን አስፈቅደው መጡና «ይህን ፈረስ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ቅዳሜ ሁላችሁንም ይዤ እሄዳለሁ» አሉ።

እኔና ሰናይት ዘለልን። ደረጀ ግን ሰበብ ይፈልግ ጀመር። መጀመሪያ «ሰው ይበዛል አባባ» አለ። ቀጥሎ «ፊልሙ ሳያልቅ አይቀርም» አለ። አርብ ዕለት ቦኖ ውሃ ጀሪካናችንን አሰልፈን ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አላየሁትም» አለኝ።

«ምኑን?»

«‹በቅርብ ቀን›ን። ከፖስተሩ ሌላ ምንም አላየሁም። አባባ ውሸት አይወዱም። ነገ ሌላ ታሪክ ሆኖ ሲያገኙት ሁለተኛ አያምኑኝም። እናንተም አትሰሙኝም።»

«ምናልባት ተመሳስሎ ይሆናል» አልኩት። ተራችን ደርሶ ቀዳን።

ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ የታጠበ ሲሚንቶና የሱፍ ቆሎ ይሸት ነበር። አባባ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ትኬት መስኮቷ ጎንበስ አሉ። ከውስጥ አንዲት ወፍራም፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ነበረች።

«አራት ነን ልጄ። ለ‹በቅርብ ቀን› ስጪን።»

«እሱ በቅርብ ቀን ነው አባባ።»

«አዎ፣ እሱን ነው የምልሽ።»

«እሱማ ዛሬ አይታይም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚታየው?»

«በቅርብ ቀን።»

«ስሙን ሰምቻለሁ ልጄ። ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ቀኑ አልተቆረጠማ! በቅርብ ቀን ነው የተባለው።»

«ማን ነው የተባለው?»

«ፊልሙ!»

«እኮ! እሱን ስጪን!»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ወጣት ወደ አባባ ገመቹ ጠጋ አለና በአክብሮት አስረዳቸው፤ ገና ሊመጣ ነው ማለት እንጂ የፊልም ስም እንዳልሆነ። ግድግዳውን አሳያቸው። አምስት ስድስት ፖስተር በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል፣ ሁሉም ላይ ያው ቃል። ሰናይት አንድ በአንድ አንብባ ስትጨርስ «ሁሉም ክፍል ሁለት ነው?» አለች። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

አባባ ገመቹ አልሳቁም። ወደ ደረጀ ዞሩ። «ገና ያልመጣውን የት አየኸው?»

ደረጀ ጫማውን አየ። እኔም የራሴን ጫማ አየሁ። ሰናይት ብቻ ልትረዳው ሞከረች፦ «ቀድሞ አይቶት ነው አባባ።»

«ነቢይ ነዋ!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«ኑ፣ እንግባ» አሉ አባባ ገመቹ፤ ለዕለቱ ፊልም ትኬት ቆረጡና ገባን።

ስለ ዕለቱ ፊልም ብዙ አላስታውስም። መርከብ ነበረበት፤ ሰዎች ቆመው ብዙ ያወሩ ነበር። ፊልሙ ሳይጀመር የሆነውን ግን አልረሳም። መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ የሚመጡትን ፊልሞች ማስታወቂያ ማሳየት ጀመሩ። በመሃል ያ ነጭ ፈረስ መጣ። እንደ ቤት ገዝፎ፣ ጋማው እየተበተነ፣ ኮቴው ወንበራችንን እያንቀጠቀጠ። ደረጀ እውነቱን ነበር፤ ቴሌቪዥን ውስጥ አይገባም። አባባ ገመቹ ብድግ ብለው «ያውና! መጣ!» ብለው ጮኹ። «አባባ፣ ይቀመጡ!» አለ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ። ፈረሱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ስክሪኑ ጨለመና የፈረንጅ ጽሑፍ መጣ። አለቀ። እሳቸው ግን ትንሽ ቆመው ቆዩ። ደረጀ እስከ መጨረሻው ቀና አላለም።

ስንመለስ ከሜክሲኮ ውይይት ተሳፈርን። ውይይት ማለት ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመላት፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ የሚሄድባት ታክሲ ነበረች። ደረጀ በአያቱና ዶሮ በዘንቢል በያዙ አንዲት እናት መካከል ተቀመጠ። እኔና ሰናይት ፊት ለፊታቸው ነበርን።

«ፈረሱ ድልድዩ ላይ ነው ያለው» አሉ አባባ ገመቹ በድንገት።

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«አላየኸውም። ገብቶኛል። ያላዩትን አየሁ ማለት ውሸት ነው፤ ሁለተኛ እንዳትለው። ግን ፈረሴን ድልድይ ላይ አቁመህብኝ አትሄድም። ጨርስ።»

ደረጀ እንባው ቀርቦ ነበር። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ፣ ያን ቀን አንድም ጊዜ «ከዚያ አየሁ» ሳይል። አክተሩ ከፈረሱ ወረደ። ኮርቻውን ፈትቶ ወንዙ ውስጥ ጣለው፣ ሸክም እንዳይሆንበት። እሳቱ እየቀረበ ነው። ጣውላውን በእግሩ ሞከረው፤ ይንቋቋል። የዶሮዋ እናት ዘንቢላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው ጆሯቸውን ጣሉ። ከጥግ የተቀመጠ ወታደር ጋዜጣውን አጠፈ። ረዳቱ እንኳን በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

«ፈረሱ እንቢ አለ» አለ ደረጀ። ድምፁ ከፍ እያለ መጥቷል። «ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ይሄኔ አክተሩ አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ እንዲህ አለው...» ወደ አያቱ ጆሮ ተጠጋና በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገራቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሣር ቤት ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

«ቆይ አንተ!» አሉ የዶሮዋ እናት። «ፈረሱ ይሻገር!»

ሾፌሩ ሳቀ፣ ሳያቆምም አለፈ። ፈረሱ ዘለለ። የኋላ እግሩ የመጨረሻውን ጣውላ ሰብሮ ወንዝ ውስጥ ከተተው። አንድ ኮቴ አየር ላይ ቀረች። ከዚያ ሣር ረገጠች። አባባ ገመቹ «ተመስገን» ብለው እጃቸውን ደረጀ ጭንቅላት ላይ አሳረፉ፤ እስከ መካኒሳም አላነሱትም። የዶሮዋ እናት መውረጃቸውን ብዙ አልፈው ወረዱና በመስኮት ጎንበስ ብለው ለደረጀ «እደግ!» አሉት።

ፊልሙ ከክረምት በኋላ እውነትም መጣ። ቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም «ዛሬ» ተብሎ ተለጠፈ። ሮጠን ለአባባ ገመቹ ነገርናቸው። ጭድ መበተናቸውን ሳያቆሙ «ያ እኮ አልቋል» አሉን። «ፈረሱ ተሻግሯል፤ ሌላ ምን ቀረው?» አልሄድንም። ደረጀም ወደ ድንጋዩ ክምር ተመለሰ፣ ሁሉም ሰው ፈጠራው እንደሆነ እያወቀ፣ አድማጩም በዝቶለት።

ዛሬ የድንጋዩ ክምር ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል። አባባ ገመቹ ካረፉ ቆይቷል። ደረጀ ለቡ ነው የሚኖረው፤ የአልሙኒየም በርና መስኮት ይሠራል፣ ሲገጥም ያወራል ይላሉ ሠራተኞቹ። ባለፈው ወር የሰናይትን ልጆች ሲኒማ ወሰድኳቸው። የሚመጡትን ፊልሞች ሁሉ ማስታወቂያ በስልክ አይተው ጨርሰዋል፤ ቀናቸውን ያውቃሉ፤ የትኛው በሲኒማ መታየት እንዳለበት፣ የትኛው ቤት ቢጠበቅ እንደሚሻል ያስረዱኛል። አልከፋኝም። እንዲያውም ፍርዳቸው ጥሩ ነው፤ የመረጡት ፊልም ደስ ብሎኛል። መብራቱ ሲጠፋ ግን ሰው ብድግ ይል እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም ወንበሩ ላይ ነበር።

ይህን ስጽፍ ሰናይትንም ደረጀንም ጠይቄአለሁ፤ ሰናይት ያስተካከለችኝን አስተካክያለሁ። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። አክተሩ ለፈረሱ በጆሮው ምን እንዳለው ደረጀ ረስቼዋለሁ ይላል፤ መርሳቱን አላምነውም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሜክሲኮ ወደ መካኒሳ በመጣችው ውይይት ውስጥ የነበራችሁ ካላችሁ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። በተለይ እርስዎ ዶሮ የያዙት እናት፣ ከደረጀ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበሩና ሳይሰሙት አይቀሩም።