ከጥጋቡ የተረፈው ኪኒን

ሠርኬ ቂሟን የቋጠረችው በነጠላዋ ጫፍ ነው። መርካቶ ሰባተኛ መጥቶ ከእሷ በርበሬ የሚገዛ ሁሉ የቋጠረችው ገንዘብ ይመስለዋል፤ ያለው ግን ከሟች ባሏ ከጥጋቡ የተረፈ ኪኒን ነው።

ኢሕአዴግ በገባ ማግሥት ጥጋቡ ልቡን ታሞ ሐኪም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አዘዘለት። ጉልበቱንም ሲያመው ሠርኬ ከሱቋ ፊት ለፊት መድኃኒት ወደሚሸጠው ወደ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ሄደች። ባሏ የሚውጠውን ነግራዋለች። እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት የቁርጥማት ኪኒን አቀበላት።

«መድኃኒት ከመድኃኒት አይጣላም» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ጥጋቡ ደም እያስታወከ ሞተ።

ሐኪሙ የነገራት እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት አብዛኛው ደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚሠራው ያልተጣበቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቁርጥማቱ ኪኒን መሳለሚያ ታክሲ ላይ እንደሚጋፋ ሰው ገብቶ የተቀመጠውን ከወንበሩ አስነሣው፤ የተነሣው ሁሉ ደሙን ያቀጥን ጀመር። በዚያ ላይ ኪኒኑ ራሱ ጨጓራውን አቆሰለው። ገብረ ኢየሱስ ለቅሶ መጥቶ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። ሠርኬ ከሁሉ የጠላችው ያንን እንባ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ከዓመታት በኋላ ገብረ ኢየሱስ አርጅቶ ሱቁን ለቀቀ፤ ልቡን ታሞም ያንኑ ደም ማቅጠኛ መዋጥ ጀመረ። ሠርኬ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። መርካቶ ሰው አመመኝ ካለ ጎረቤት ከቦርሳው ኪኒን አውጥቶ ይሰጣል፤ እሷም የሚመጣበትን ቀን ጠበቀች።

አንድ ረፋድ እያነከሰ መጥቶ በርበሬዋ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ እንቅልፍ እንደነሣው ነግሯት የሚዋጥ ነገር እንዳላት ጠየቃት። ቋጠሮዋን ፈትታ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አኖረች፤ ውኃም ቀዳችለት። ዝም ብትል ይውጠው ነበር። ዝም ማለትም አምሯት ነበር፤ ግን የገደለውን ሳያውቅ ከሞተ ምኑን በቀል ሆነ?

«መድኃኒት ከመድኃኒት አይጣላም ጋሼ» አለችው። «የጥጋቡ ነው፤ እርስዎ ከሰጡኝ የተረፈ።»

ኪኒኑ ከእጁ አምልጦ በርበሬው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ኪኒን አይቀበልም፤ ሐኪም ያዘዘለትን እንኳ ሲውጥ ይፈራል ይባላል። በሱቋ በኩል እያነከሰ ባለፈ ቁጥር ሠርኬ ለሽማግሌ እንደሚገባ ብድግ ብላ እጅ ትነሣለች።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው ጋሼ?»