ማንም የሌላት ሴት ማመልከቻ

ደብዳቤ መጻፍ ሰልችቶኛል። የማሽላ ክምር አፍሼ ያደርኩ ይመስል ትከሻዬ የሚዝለው ከሥራ ብቻ አይደለም፤ ከ«ለሚመለከተው ሁሉ» ጭምር ነው። ይህንን ግን ማንም አላዘዘኝም፤ የሰው ሳይሆን የራሴን ነገር ስጽፍ ትንሽ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።

የምኖረው ዙሪክ፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር ነው። ከንጋት ጀምሮ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ እሠራለሁ፤ መንገደኛው ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ባለችው ጊዜ ወንበር ለወንበር እየሄድን እናጸዳለን። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ አንዲት ደብዳቤ ነበረችኝ።» ሁሌም አንዲት ናት። አንዲት ተብላ አንዲት ሆና የቀረች ደብዳቤ ግን እስካሁን አላጋጠመችኝም። ለቤት አከራይ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፤ ከሁሉም በላይ ለመኖሪያ ፈቃድ። ጄኔቫ ያሉት ፔርሚ ይሉታል፣ እዚህ ዙሪክ ያለነው አውስቫይስ እንለዋለን፤ ሲመጣልን ግን ሁላችንም እንስመዋለን። እኔ መጀመሪያ የኖርኩት ጄኔቫ ስለሆነ ፈረንሳይኛው አለኝ፤ ጀርመንኛውን ደግሞ እዚህ መጥቼ እንደምንም ለመድኩት። እናም ከሁለቱም ከተማ ይደወልልኛል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጸሐፊ ነበርኩ ብዬ አውርቻለሁ። እውነትም ነበርኩ። አዲስ አበባ አንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ሳጥን ላይ አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ሥራውን ያስተማሩኝ በሁለት ቃል ነው። «አንጀት ብላ!» ይሉኝ ነበር። «ሕጉን እነሱ ያውቁታል፤ አንተ አንጀት ብላ።»

እኔም በላሁ። ሰውየው ሁለት ቤት ቢኖረው «መጠጊያ የሌለኝ»፣ ሰባት ወንድም ቢኖረው «ወገን ዘመድ የሌለኝ» ብዬ እጀምርለታለሁ። ሴትዮዋ ሰፈር የምታንቀጠቅጥ ብትሆንም «ረዳት የሌለኝ ደካማ ሴት ስሆን» ናት። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው አልነበረም። ደንበኛዬም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ዳኛውም ያውቃል። እንደ ሰላምታ ነው። እንዴት አደሩ ሲሉን ታመን ያደርንም ደህና እንል የለ?

ይህንን ሙያዬን ይዤ ነው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ እትዬ ቤት የሄድኩት።

እትዬ የምላቸው ሴት የአገሬ ልጅ ናቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳውን አልፎ ነበር። ጄኔቫ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ወድቋል፣ አገር ልቀቁ የሚል ወረቀት ደርሷቸዋል፣ መሥራት ተከልክለዋል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ፖሊስ መጣ ብለው ይደነግጣሉ። የቀረቻቸው አንዲት በር ነበረች። እዚህ አገር ረጅም ዓመት የኖረ ሰው «ሕይወቴ እዚህ ሥር ሰድዷል፣ ልቆይ» ብሎ ለካንቶኑ፣ ለክልሉ መስተዳድር ማለት ነው፣ ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደ ፔርሚ ነው። ካልተፈቀደ ደግሞ ሻንጣ።

አንድ ቅዳሜ ከዙሪክ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ በሚቀረው ባቡር ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላቸው ሻይ ቀድተውልኝ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ስኳር አለባቸው፣ ሌሊት አይተኙም። ይህንን ሁሉ የነገሩኝ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እያሉ ነው። እኔም እጄን አሟሸሁና በፈረንሳይኛ አወረድኩት። ረዳት የሌለኝ ደካማ ሴት ስሆን፣ ወገቤ ታሞ፣ ስኳር ይዞኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ በሰው አገር ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም የሌለኝ... እንዲያ እንዲያ እያለ ሁለት ገጽ። በአማርኛ ሳነብላቸው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ሳይ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። በቃ፣ በላሁ አልኩ።

መልሱ በሰባት ወሩ መጣ። እትዬ ፎቶ አንስተው ላኩልኝና ክሎተን የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ውስጥ፣ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ አነበብኩት። አልተፈቀደም። ምክንያት፦ አመልካቿ ራሳቸው እንደገለጹት በስዊዘርላንድ ማንንም አያውቁም፤ ማንም የላቸውም። ራሳቸው እንደገለጹት ሠርተው ለመተዳደር የሚያበቃ ጤና የላቸውም። ሕመማቸው ደግሞ አገራቸው ሊታከም የሚችል ነው። ስለዚህ ሕይወታቸው እዚህ ሥር ሰድዷል ለማለት አይቻልም።

ክው አልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ የእኔ ነበሩ። የፈረምኩባቸው ይመስል አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ቢሮው አንዲት ክፉ ቃል ከራሱ አልጨመረም፤ ያቀረብኩለትን መልሶ ሰጠኝ። ይቺን ሴት ከዚህ አገር የማባርራት እኔ ልሆን ነው ብዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። አለቃዬ መጥቶ አመመህ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ደውዬ ስነግራቸው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ! ተሳድበው ቢሆን ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ቅዳሜ ጄኔቫ ተመለስኩ። ምን እንደምል አላውቅም፤ ዝም ብዬ ሄድኩ። እትዬና እኔ ወረቀቱን መሃላችን አድርገን አንገታችንን ደፍተን ሳለ በሩ ተንኳኳ። በር ለበር ያሉት ጎረቤት ናቸው፣ የስዊስ ሴትዮ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት። እትዬ ማዳም ይሏቸዋል። አሳንሰሩ ከመሥራቱ መበላሸቱ ስለሚበዛ የማዳምን አስቤዛ አራት ፎቅ የሚያወጡላቸው እትዬ ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሾርባ አብረው ይጠጣሉ፣ ከዚያ ማዳም ጋዜጣ ዘርግተው ያስነብቧቸዋል። ይህንን ሁሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሳልጠይቃቸው ነዋ!

ማዳም ፊታችንን አይተው ወረቀቱን አነሱ፤ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ።

«ማንም የለኝም?» አሉ።

እኔ ብርጭቆዬን አዞርኩ።

«ማንም? እሺ፣ እኔስ? እኔ ማን ነኝ?» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በራቸው ሲዘጋ የእኛ ብርጭቆ ነዘረ።

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «ኧረ በፈጠረህ! እንደሱ ብለህ ጽፈህ ነበር እንዴ?»

«አንብቤልዎታለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«እሱማ አንብበህልኛል። እኔ እንደ ጸሎት ነው የሰማሁት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አፈር በበላሁ» አሉ። ፔርሚው እንደተከለከለ ሲሰሙ ያልወጣቸው እንባ አሁን ወጣ።

ተያይዘን ማዳም በር ላይ ቆምን። ረጅም ጊዜ አልከፈቱም። ሲከፍቱም ግቡ አላሉንም። እትዬ በዚያች ሐሙስ ሐሙስ በለመዷት ፈረንሳይኛ፣ ግሱን አንዳንዴ እያገኙት አንዳንዴ እየሳቱት፣ «ማዳም፣ እኛ አገር ለመንግሥት ሲጻፍ ማንም የለኝም ይባላል» አሉ።

«ሰው እያለ?»

«ሰው እያለ።»

ማዳም አሰቡበት። «ታዲያ መንግሥት ያምናችኋል?»

እትዬ እኔን አዩ። «አያምንም» አልኩ እኔ።

«የእኛ ያምናል» አሉ ማዳም። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት።

ይግባኙን የጻፍነው እሳቸው ወጥ ቤት ነው። የመምህርነታቸውን ጠባይ አውጥተው እስክሪብቶ አስያዙኝ። በመጀመሪያ፣ እትዬ የሚሠሩትን ሁሉ ይናገሩ ተባለ። ወይ ጣጣ! «ራሴን ላወድስ? ምን ቆርጦኝ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ቃል በቃል እንደ ጥርስ እየነቀልን ነው ያወጣነው። እሑድ እሑድ ጉባኤያቸው የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ያጸዳሉ፤ መዝሙር ይመራሉ፤ እናቶቹ ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የፈረንሳይኛ ፈተና አልፈው የምስክር ወረቀቱን አልጋ ሥር አስቀምጠውታል። «መመጻደቅ እንዳይመስል ብዬ ነው» አሉ። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ደግሞ ፈቃድ ካገኙ እንቀጥራቸዋለን ብሏቸው ኖሯል። ይህ ሁሉ እያለ እኔ ስኳራቸውን ጽፌ!

ማዳም በራሳቸው እጅ ሁለት ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ። ቀጥለው ምርኩዛቸውን ይዘው የሕንፃውን በር አንድ በአንድ እያንኳኩ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። እትዬ በሐፍረት ክፍላቸው ገብተው ተቆለፉ። ሰው በር ለልመና ማንኳኳት ያውቃሉ፤ ለምስጋና ማንኳኳት ግን አይተው አያውቁም። ማታ ፊርማዎቹን ሳሳያቸው ወረቀቱን አልነኩትም፤ ከሩቅ ብቻ አዩት።

የመጨረሻውን ረቂቅ በአማርኛ ሳነብላቸው እንባ የሚባል ነገር የለም። ቅንድባቸውን ሰብስበው እንደ ሰው ወሬ ሰሙኝ።

«ወገቤስ?» አሉ።

«የለም፣ እትዬ።»

«ስኳሬስ?»

«እሱም የለም።»

«ሌሊት አልተኛም ያልኩህስ?»

«ይተኛሉ» አልኳቸው። «ማልደው ይነሳሉ፣ አይደክምዎትም፣ ሙሉ ቀን መሥራት ይችላሉ።»

«ይቺ ሴትዮ ታስቀናለች» ብለው ፈረሙ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስለ መጠበቅ መጻፍ አልችልም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። እኔ ክሎተን ወንበር እየጠረግሁ በኪሴ ያለው ስልክ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጨርቁን ጥዬ አወጣዋለሁ። ሰው ደብዳቤ ጻፍልን ሲለኝ እጄ ከበደኝ፤ አንዳንዱን አሞኛል ብዬ ዋሸሁት። ሌላውን በጸያፍ ቃል መለስኩት፣ ኋላም ይቅርታ ጠየቅሁ። ዓመት ሊሞላ ሲል እትዬ ደወሉ። ሐሎም አላሉ፤ እልልታ ብቻ ነው። ከበስተጀርባ ማዳም አብረው እልል ለማለት ሲሞክሩ ይሰማኛል፤ ሳል ሳል ይላል እንጂ እልልታ አይመስልም።

ከተወሰኑ ወራት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከሥራ ሲመለሱ ታች በሩ ላይ ተገናኘን። የአረጋውያኑ ወጥ ቤት ገብተዋል፤ ማልደው ይሄዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ። የማዳምን አስቤዛ በሁለት ከረጢት ይዘዋል፤ አንዱን በግድ ተቀበልኳቸው። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ስለ ሥራቸው እያወሩልኝ ወጣን፤ ከዚያ ወሬው ቀረ። ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ከረጢቱን አስቀምጠው መደገፊያውን ያዙ። ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለችውን ካርድ አውጥተው ሰጡኝ።

«እስቲ በደንብ እያት» አሉ። «አሁን በእጄ ናት አይደል?»

«በእጅዎ ናት፣ እትዬ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«እንግዲህ አሁን ወገቤን አመመኝ ብዬ ሐኪም ቤት ብሄድ... ትንሽ ቀን ደከመኝ ብዬ ብተኛ... ችግር አለው?»

ካርዷን ገልብጬ ቀኑን አየሁ። ባላየው ምን ነበረ! አንድ ዓመት ነው።

«በየዓመቱ ይታደሳል» አልኳቸው። «ሐኪም ቤትስ ይሂዱ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ሲያድሱ ግን ቢሮ ያሉት ሰዎች ሥራ ላይ መሆንዎን ያያሉ።»

«ያያሉ?»

«ያያሉ። የጻፍንላቸውን አምነውናል እኮ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርዷን ተቀብለው በመሐረቧ ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ቦርሳውን ዘጉ። ወደ ላይ ወደ ማዳም በር አዩ፤ ወደ ታች አዩ፤ ማንም የለም። ከዚያ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ለአንተ ብቻ ልንገርህ» አሉኝ። «ደክሞኛል።»

«እኔም» አልኳቸው፤ ከረጢቱን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የደረጃው መብራት ጊዜው ሲደርስ በራሱ ጠፋ። ማብሪያው ክንዴ ሥር ነበር፤ አልነካሁትም።