አንዴ ቆዪልኝ፣ እታለም

«‹አንዴ ቆዪልኝ›! ‹አንዴ ቆዪልኝ፣ እታለም፣ በር ተንኳኳ›! ይኸው ቆየሁልሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆየሁልሽ። ፀጉሬ ሸበተ፣ ጥርሴ ተነቃነቀ፣ እኔ አሁንም መስመር ላይ ነኝ! የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ ልሙትልሽ እንዴ?»

የእታለም ድምፅ ነው። እታለም ሲቆጡ በአፍንጫቸው ነው የሚናገሩት፤ ትርርር ይሉና ልክ ክር እንደበጠሰ የስፌት መኪና መሀል ላይ ቀጥ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸውና አይፈረድባቸውም። ዛሬ ጠዋት ግን ክሩ አልበጠስ ብሎ ታናሽ እህታቸውን፣ እትዬ ሃሎን፣ ቁም ስቅል እያሳዩአቸው ነው። ክፍሉ መሀል አንድ ሻንጣ በገመድ ታስሮ ቆሟል። አምስት ሰዓት ላይ ወንድማቸው በመኪናው መጥቶ እታለምን ይወስዳቸዋል፣ ከከተማው ዳር ወዳለው ጸጥ ያለ ቤቱ። ለጥየቃ እንዳይመስላችሁ። ጠቅልለው ሊገቡ ነው።

እትዬ ሃሎ ግን ነገሩን ገና አላመኑትም። «ተያት፣ ትለፍልፍ፣» አሉ፣ ጠረጴዛው ጋ ወደተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ ዞረው። «አንቺ ወደ ሥራሽ። የት ደረስን?»

ፀጉር ሠሪዋ ምድር ቤት ነው የምትሠራው። ደብተር ይዛ የወጣችው የእትዬ ሃሎን የሕይወት ታሪክ ልትጽፍ ነው። ሞቱ እንዴ እንዳትሉ፣ ኧረ ደህና ናቸው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት ነው የሚወጡት። እሑድ ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታል ጡረተኞች ተሰብስበው ሊያመሰግኗቸው ነው፣ እዚያ የሚነበብ ወረቀት አስፈለገ። ጡረተኞቹ እርግጥ ወረቀት የሚጽፍላቸው ሰው አላቸው። ግን ሰውዬው ለዘበኛውም፣ ለአዋላጇም፣ ለአትክልተኛውም የሚያነበው አንድ ወረቀት ነው። እትዬ ሃሎ አፋቸውን አሞጥሙጠው ሰውዬውን ቁጭ ያደርጉታል፦ «‹ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ ተጫዋች…› ኤዲያ! ስሙን ብቻ እየቀያየረ! እኔን በቁሜ እንደዚያ አድርጎ ከሚገላግለኝ ራሴ አስጽፋለሁ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሆስፒታል የገቡት በሃያ ዓመታቸው ነው፣ ደረጃ ሥር ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ የስልክ ማዞሪያ ላይ። ፊታቸው መቶ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፣ እጃቸው ላይ ገመድ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ። «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ሲሉ ድምፃቸው ከመጣፈጡ የተነሳ፣ ስንቱ ጎረምሳ በድምፅ ወዷቸው ደረጃ ሥር ድረስ መጥቶ፣ በአካል ሲያያቸው «ይቅርታ፣ ክፍል ተሳስቻለሁ» ብሎ ተመልሷል። ይሄን ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የሚያወሩት።

ደንቡ፣ ሁለት ሰው ካገናኙ በኋላ ቁልፉን ዘግቶ ጆሮን ማውጣት ነው። የእትዬ ሃሎ ቁልፍ ግን ትንሽ ሰነፍ ነበር። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ማን ማንን እንዳፈቀረ፣ ማን የማንን ዝውውር እንደጎተተ፣ የትኛው ዶክተር ሚስቱን እንደሚፈራ፣ እሳቸው ዘንድ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ሐሜት እንዳትሉት፤ «መረጃ» ነው የሚሉት። ስህተታቸው እንኳን ዘር አፍርቷል። አንድ ቀን ፋርማሲስቱ መጋዘን አገናኚኝ ሲላቸው ገመዱን የሰኩት ልብስ ማጠቢያ ቀዳዳ ላይ ነው። ስልኩን ያነሳችውን ልጅ አገባት፣ ሦስት ወልደዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ዋናው ቀዶ ሐኪም ኦፕራሲዮን ክፍል ስጪኝ ቢሏቸው ወጥ ቤት ሰጧቸው።

«ለዛሬ ስንት አዘጋጅታችኋል?» አሉ ሐኪሙ ኮስተር ብለው።

«አርባ ኪሎ ነው ዶክተር። ግማሹን ልጠነዋል፣» አለች ድንች ላጯ።

«ይሄን ጻፍሽው?» አሉ እትዬ ሃሎ።

«ጽፌዋለሁ እትዬ። ግን ዶክተሩ እሑድ ይመጡ የለም እንዴ?»

«ይምጡ! ከሳቸው ሌላ ማን ይስቅበታል?»

ጡረታ ሲወጡ ሰሌዳው ሆስፒታል ቀረ እንጂ ሥራው ተከትሏቸው ቤት ገባ። የሦስተኛ ፎቅ በራቸው ቀን ቀን ተቆልፎ አያውቅም። ቧንቧ የፈነዳበት፣ ሞግዚት የጠፋባት፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ ልጇ ፈተና የወደቀባት ሁሉ «እትዬ ሃሎ፣ እስቲ ሰው ያገናኙኝ» እያለ ይገባል። ያገናኛሉ። ሦስት ሰው በማያስቀምጥ ክፍል ሰባት በርጩማ አለ፤ ሰባቱም ሲበርዱ አይታዩም። እታለም ባላቸው ሲሞቱ እህቴ ጋ ልረፍ ብለው የመጡት ልክ በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ ዕረፍቱን አስቡት።

«ቤት ነው ብዬ ገባሁ፣ ለካ መናኸሪያ ነው፣» አሉ እታለም፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው። «መናኸሪያስ እንኳን የሚዘጋበት ሰዓት አለው!»

«ሰው ጠላሁ በያ! ደግሞ አኩርፈሽ ስትሄጂ ሰው ምን ይለኛል? እህቷን አባረረች ነው የሚለኝ።»

«እሱ ነው የጨነቀሽ?»

«ጻፊ!» አሉ እትዬ ሃሎ። «‹ታላቅ እህቷ ሰው አትወድላትም ነበር› ብለሽ ጻፊ!»

«ኧረ እትዬ! እሑድ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ጻፊ አልኩሽ! ሰው ጠልታ ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አላት? ሌላ ምክንያት ካላት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

እታለም መሐላውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው፣ በአፍንጫ ባልሆነ ድምፅ፣ «ስሚኝማ፣» አሉ። «የምሄደው ለምን መሰለሽ…»

በሩ ተንኳኳ።

«አንዴ ቆዪልኝ!» አሉ እትዬ ሃሎ ብድግ ብለው።

ወይ ምላስ! ሠላሳ አምስት ዓመት የለመደ ምላስ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ራሳቸውም ሰምተውት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ግን እግራቸው ቀድሞ በሩ ጋ ደርሷል። የአራተኛ ፎቁ ሹፌር ነው፤ የደም ግፊቴ መቶ ስድሳ ሆነ፣ ማን ዘንድ ልሂድ ይላል። ሐኪሙን፣ ክፍሉን፣ ሰዓቱን ነግረው፣ የሚስቱንም ሳል ጠይቀው ሸኙት።

ዞር ሲሉ እታለም ተነስተዋል። ሻንጣቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ፤ የያዙት ግን የበርጩማ እግር ነው። እሱኑ እየጎተቱ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ሌላው በርጩማ ጉልበታቸውን መታቸው። ፀጉር ሠሪዋ ዘላ ደገፈቻቸው። የተንጋደደውን በርጩማ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ዓይኗ የቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ ቀረ።

«እታለም… ነጭ ቀሚስ በጥቁር ክር ነው እንዴ የዘመዘሙት?»

እታለም እኮ የሙሽራ ቀሚስ የሰፉ ሴት ናቸው። የመንገደኛ ሸሚዝ ቁልፍ የተሰፋበት ክር ትንሽ ከደመቀ «ና ልጄ፣ ፍታው» የሚሉ ሴት ናቸው። ይሄ ግን ጥቁር ክር፣ ያውም እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተጣመመ።

«ነጭ መስሎኝ ነው፣» አሉ እታለም።

ከዚያ ወጣላቸው። «ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሁለት ዓመት ሆነው። ካልተገፈፈ ይጨልማል አለኝ ሐኪሙ፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። ልነግርሽ ስጀምር ኤሌክትሪክ ሠሪው መጣ። ደግሜ ስጀምር የተኳረፉት መጡ። ሦስተኛው ላይ መነጽር ሻጩ ራሱ መጣ! ሰው አልጠላሁም። የሰው እግር ነው የማይታየኝ። ወንድማችን ቤት በርጩማ የለም።»

እትዬ ሃሎ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ግን ባሰ። የሹፌሩን ግፊት በቁጥር ያውቃሉ፣ ምድር ቤት ያለው ሕፃን ስንት ጥርስ እንዳበቀለ ያውቃሉ። ከአልጋቸው አንድ ክንድ በማይርቅ አልጋ ላይ የሚተኙት የገዛ እህታቸው ዓይን መጋረዱን ግን ከቀሚስ ጠርዝ አነበቡት።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሃሎ ተነሱ። «እንግዲህ አለቀ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ በሆዷ። እሳቸው ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን አዞሩትና፣ «መስመሩ ተይዟል!» ብለው ጮኹ።

ውጭ ጉርምርምታ።

«ኧረ በሩ ተቆልፏል!»

«የእትዬ ሃሎ በር? ታመው ነው! ሰብሩት!»

«ቆይ እንጂ ሰውዬ፣ አሁን ጮኸውብኛል!»

«ደህና ነኝ!» አሉ እትዬ ሃሎ ከውስጥ። «ከእህቴ ጋር ነኝ፣ ሂዱ ወደየቤታችሁ!»

ታች የወንድማቸው መኪና ጡሩምባ ተነፋ። እትዬ ሃሎ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንተ! ተመለስ! ሰኞ ሁለት ሰዓት ና፣ ዓይን ሐኪም ጋ ታደርሰናለህ!»

«ማን ቀራለሁ አለሽ?» አሉ እታለም።

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«በርጩማዎቹስ?»

«አምስት ላስቀር።»

«ሁለት።»

«ምነው እታለም! የተኳረፉ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሁለት ናቸው፣ እኔ ልቁም?»

«ሦስት። እሱም ግድግዳው ሥር። በሩም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝግ።»

እትዬ ሃሎ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው «እሺ» አሉ። አራቱን በርጩማ በገዛ እጃቸው አልጋ ሥር ከተቱ፣ የሻንጣውን ገመድ ፈቱ፣ እታለም ፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ።

«በይ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

እታለም መጀመሪያ ወደ በሩ ጆሯቸውን ጣሉ። ማንም የለም። «ያን ቀን የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ…» ብለው ጀመሩ። ትርርር አላሉም። ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ፣ ያቆሙበትንም ራሳቸው እየቀጠሉ። እትዬ ሃሎ እጃቸውን አጣጥፈው፣ አንዲት ቃል ሳያስገቡ ያዳምጣሉ። እንባቸው አፍንጫቸው ላይ ደርሷል፣ አልጠረጉትም። እታለም መጀመሪያ የፈሩት ሐኪሙን ሳይሆን…

«አንቺ፣» አሉ እትዬ ሃሎ ዞር ሳይሉ። «ምንድነው እሱ የምትጭሪው?»

«ታሪክዎን ነዋ፣ እትዬ።»

«ይሄ የኔ አይደለም። የሷ ነው፣ የምትነግረውም ለኔ ነው። ለእሑዱ እስካሁን የጻፍሽው ይበቃቸዋል። ዝጊው ደብተሩን። ኧረ ዝጊ! አሁን ያልኩሽንም አትጻፊ!»