በቀብር ዘፈን ውስጥ የገባ ስም

ግሌንሮይ ድምፁን ያፍታታው በጃማይካ ገጠር በክላረንደን፣ በእናቱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። ዋና ከተማው ኪንግስተን ገብቶ ሬጌ ሲጀምር እናቱ አኮረፈችው፤ ዘፈኑ በየሚኒባሱ ሲሰማ ግን ሹፌሮቹን "የኔ ልጅ ነው" ትላቸው ነበር። ኋላ ጊዜው የፈጣኑ ዳንስ ሙዚቃ፣ የዳንስሆል ሆነ። እሱም ሱሪውን አጥብቦ፣ አፉን አፍጥኖ ተከተለ። ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ መተዳደሪያው በትእዛዝ የሚቀዳ የዘፈን ልዩ ቅጂ ሆነ።

የየሰፈሩ ሙዚቃ አጫዋች ቡድኖች በዘፈን ሊፋለሙ ሲሉ ወደ እሱ ይመጣሉ። በታወቀው ዘፈኑ ውስጥ የእነሱን ስም ያሞግስላቸዋል፤ የተቀናቃኛቸውን ገድሎ ይቀብርላቸዋል። የሚቀበረው የቡድኑ ስም ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም። ይህን ለጀማሪዎች ሲመክር የኖረው ራሱ ግሌንሮይ ነው።

አንድ ቀን ግን የላይኛው ሰፈር ቡድን ልጆች፣ "የተቀናቃኛችንን ቡድን ባለቤት ስምም ጣል አድርግበት እንጂ። ፈራህ እንዴ፣ ሽማግሌው?" አሉት። ሳቀና ጣል አደረገው። "ዌንትዎርዝ፣ የሬሳ ሣጥንህ ተቸንክሯል" ብሎ ዘፈነ።

ዘፈኑ በተሰማ በሳምንቱ ዌንትዎርዝ ሱቁ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ።

የሰፈሩ ዶሮ ጠባሽ ሰላምታውን አሳጠረ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ግሌንሮይ ሲቀመጥ ጠጠራቸውን ይሰበስቡ ጀመር።

"ቀድሞ ያውቅ ነበር እያሉህ ነው" አለችው ሚስቱ መርሊን፣ አተር እየፈለፈለች።

ከዚያ የሟቹ ወንድም ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። "ጋሼ፣ እሁድ ከሰዓት ለወንድሜ ለቅሶ ግቢያችን መጥተው ይዝፈኑልን።"

"መዝሙር ነው?"

"ያቺኑ ዘፈን።"

ሰውየው እንደወጣ መርሊን፣ "አትሄድም" አለች።

"ብቀር፣ ቢያውቅ ነው የቀረው ይላሉ።"

"ብትሄድስ?"

እሁድ ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ ኮሌታውን ደጋግማ፣ ደጋግማ። ብቻውንም አልለቀቀችውም።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። የፍየል መረቅ ይቀዳል፣ የሩም አረቄ ይዞራል፤ የሚስቅ ግን የለም። ማይክሮፎኑን ያቀበለው ኦርቪል ራሱ ነው። ግሌንሮይ ጀመረ። ስሙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን ከፊት በተቀመጠችው በሟቹ እናት ፊት የልጇን ስም መድገም አልቻለም፤ በእሱ ፋንታ የራሱን አስገባ። "ግሌንሮይ፣ የሬሳ ሣጥንህ ተቸንክሯል።" እንደ ይቅርታ ይቆጠርልኛል ብሎ ነበር።

ሙዚቃው ቆመ። ኦርቪል ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደ።

"የቀጣዩን ሟች ስም እኔ አላልኩም፣ ጋሼ" አለው። "እርስዎ ነዎት ያሉት።"

መርሊን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ መራችው። ሰዉ ግራና ቀኝ ሆኖ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ቀና ብሎ ያየው ግን አንድም አልነበረም።