የማን አገር ሪያል

የዙበይዳ አንድ ቀን ሦስት ስሙኒ ይበላል። ለዱቄት ሠላሳ ሳንቲም፣ ለማገዶ ዐሥራ አምስት፣ ለሕፃኗ ለሐዲጃ ወተት ዐሥር፣ ለሻይና ለስኳር ዐሥር፤ በቀረችው ዐሥር ሳንቲም ሽንኩርትና ላምባ እየተፈራረቁ ይገዛሉ። የቤት ኪራዩ ለብቻው ነው። በሰፈሯ በአዲስ ዓለም እንዲህ ቆጥባ የምታድር እሷ ብቻ አይደለችም፤ እሷ ግን ገንዘብን ሁሉ በቀን መንዝራ ነው የምታየው። ሰው «ዐሥር ብር» ሲላት፣ ጆሮዋ «ዐሥራ ሦስት ቀን» ብሎ ይሰማል።

ባሏ ዐብደላ ክረምቱ ሲወጣ በርበሬና ማር ይዞ፣ በመተማ በኩል ገዳሪፍ ወርዷል። ኅዳር ላይ፣ ሱዳን የራሷን ገንዘብ ባወጣች በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤ አመጣላት። ሰሊጥ እስኪሰበሰብ እቆያለሁ፣ በአያ ነጋ እጅ ሁለት መቶ ሪያል ልኬልሻለሁ ይላል። በአዲስ ዓለም ነጋዴዎች አፍ ሪያል ማለት ብር ነው፤ አባቷም ብርን ሪያል እንዳሉ ነው የሞቱት። ሁለት መቶ ብር! ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ቀን። ዙበይዳ ያን ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ የልቧን ተኛች።

በስምንተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አያ ነጋ መጣ። በበቅሎ እየጫነ ሱዳን የሚመላለስ የጭልጋ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለቴ ብቻ ነው ያየችው። ምንሽሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መደቡ ላይ ተቀመጠና ከመቀነቱ አንድ ጥቅል ፈታ።

«ይኸው የባልሽ አደራ። ቁጠሪ ልጄ።»

ቆጠረች። አረብኛ የተጻፈባቸው ሃያ ወረቀቶች ናቸው። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሃያ። ሌላ የለም ወይ አለችው፤ የተሰጠኝ ይኸው ነው አላት። አንዱ ወረቀት አንድ ሪያል ቢሆን ሃያ ሪያል፣ ሃያ ስድስት ቀን። መቶ ሰማንያው የት ገባ ብላ ቀና ስትል ዐይኗ እሱ በለበሰው ካፖርት ላይ አረፈ። የዐብደላ ካፖርት ነው። በክርኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ መጣፊያ በገዛ እጇ ነው የሰፋችው።

ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠሩን ተወችው። የቆላው መንገድ ሽፍታ አያጣም፤ በዚያ የቀረ ሰው ሁሉ ወባ ገደለው ይባላል እንጂ ማን ሄዶ ያጣራል። ገንዘቡ ጎድሎ፣ ካፖርቱ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጣ። ዐብደላስ? ልጠይቀው ብትል ጠመንጃው ከእጁ አልራቀም። ስኳር ገዝቼ ልምጣ ብላ ልጇን አዘለችና ወጣች።

ደጅ በርበሬ ታሰጣ ለነበረችው ለጎረቤቷ ለስንዱ በጆሮዋ ነገረቻት። ስንዱ ሂጂ፣ እኔ አለሁ አለቻት። ዙበይዳ የሱዳን ገንዘብ ወደሚመነዝሩት ወደ ሐጂ ዐብዱረሕማን ሱቅ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሮጠች። ደርሳ አንዱን ወረቀት ፊታቸው አኖረችው።

ሐጂ ስንት እንዳላት ጠየቋት፤ ሃያ አለች። ደብዳቤው ስንት እንደሚል ጠየቋት፤ ሁለት መቶ ሪያል አለች።

«የማን አገር ሪያል?» አሏት።

ሐጂ ወረቀቱን አነሡት።

«እኛ ሪያል የምንለው ብሩን ነው። እነሱ ሪያል የሚሉት ዐሥር ቅርሽ፣ የእነሱን ዐሥር ሳንቲም ነው። ዐሥሩ ሪያል ሲደመር አንድ ጊኔ፤ ይኼ ወረቀት ጊኔ ነው። ሃያ ጊኔ ሁለት መቶ ሪያል ነው ልጄ፤ አንዲት አልጎደለችም። ዛሬ ጊኔው ሰባት ብር ከዐሥር ሳንቲም ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሰባት ከአምስት ነበር።»

«የባሌን ካፖርት መልእክተኛው ለብሶት መጣ፤ እሱስ?» አለች።

«ካፖርት አልመነዝርም። የለበሰውን ጠይቂ።»

ስትመለስ ፍርሃቷ ግማሹ ብቻ ነበር የለቀቃት፤ ደጇ ስትደርስ ግን ሁሉም ተመለሰ። ስንዱ በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ዘነዘና ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ከውስጥ የአያ ነጋ ድምፅ መጣ።

«ምነው ልጄ፣ ስኳሩ ከየት አገር ነው የሚመጣው?»

የተቆለፈበት ሰው፣ ያውም መሣሪያ የያዘ። ዙበይዳ ልጇን ለስንዱ ሰጥታ በሩን ከፈተች። ሪያሉንም፣ ጊኔውንም፣ የጠረጠረችውንም ሳትሸሽግ ነገረችው። አያ ነጋ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ባልሽ ደኅና ነው» አለ። «ገዳሪፍ ሙቀት ነው፤ ይኼ ካፖርት ምን ያደርግልኛል፣ መጣፊያዋን ስታይ ከእኔ መምጣትህን አምና ትቀበልሃለች ብሎ ያለበሰኝ እሱ ነው። ሸጋ አድርገሽ አመንሽኝ።» ካፖርቱን አውልቆ መደቡ ላይ አኖረላት። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ ሄደ፤ ስኳሩን ሳትገዛ ነበር የመጣችው።

ሃያው ጊኔ መቶ አርባ ሁለት ብር ሆነላት፣ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቀን። ካሰበችው ሰባ ሰባት ቀን ጎደለ፤ ቢሆንም ባል ያለው መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ይዛለች። በየቅዳሜው ጊኔው በስንት ብር እንደዋለ ትጽፍበታለች፤ ባሎቻቸው ሱዳን የወረዱ ሴቶች እየመጡ ያስነብቧታል። ያለፉት ዓመታት ገጽ ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዙበይዳ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ከገዳሪፍ ወይም ከመተማ የመጣ አሮጌ ደብዳቤ በሣጥናችሁ ካለ፣ በየትኛው ቀን ጊኔው በስንት እንደተመነዘረ አይታችሁ ላኩላት። እናንተም ከዚያ አገር ወደ ቤታችሁ ስትጽፉ፣ ሪያል ብላችሁ አታቁሙ፤ የማን አገር ሪያል እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉ።