የእትዬ ጽጌረዳ አዎንታ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የጣሊያን መንግሥት ለጎረቤቴ ለእትዬ ጽጌረዳ የምስክርነት መጥሪያ የላከላቸው ከአርባ ዓመት በላይ አንቀላፍቶ ሲያበቃ ነው። ያኔ ሮማ ውስጥ በአንዲት የአይሁድ ምኩራብ ደጃፍ ላይ ቦምብ ወርውረው ከሸሹት ሰዎች አብዛኞቹ በአልጋቸው ላይ ሞተዋል። በሕይወት ያለው አንዱ በሌላ ሀገር የልጅ ልጆቹን ያጫውታል፤ አሳልፎ የሚሰጠውም የለም። ሮማ ግን ባዶ ወንበር አስቀምጣ፣ በሌለበት ልትፈርድበት ሽር ጉድ ትል ጀመር።

ቦምቡ በተወረወረ ጊዜ እትዬ ጽጌረዳ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብለው ከአዲስ አበባ መጥተው ሲኞራ ሬጂና በሚባሉ አይሁዳዊት ቤት ተቀጠሩ፤ የሴትዮዋን ልጅ ሊዮናርዶንም ከተወለደ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኞራ ሬጂና በሃይማኖታቸው ምክንያት መብራት አያበሩም፣ ስልክም አይነኩም። ያን ሁሉ የሚያደርጉላቸው እትዬ ጽጌረዳ ነበሩ። “የእኔም እናት በሰንበት እህል አትፈጭም ነበር፤ ምን ይገርማል?” ይላሉ እስካሁን።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈራቸው ካለችው ትንሽ ምኩራብ ፊት ለፊት ዘወትር የሚቆመው የፖሊስ መኪና በቦታው አልነበረም። ሲኞራ ሬጂና ነገሩ ቅር አላቸውና “ጽጌ፣ ሂጂና ደውዪላቸው” አሉ። እትዬ ጽጌረዳ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቡና ቤት ሮጠው ደወሉ። ይመጣሉ ተባሉ። የመጣ ግን አልነበረም። ጸሎቱ አብቅቶ ሰዉ ሲወጣ ገዳዮቹ ደረሱበት፤ የአራት ዓመቱ ሊዮናርዶም እናቱ እጅ ላይ ሞተ።

በማግስቱ መርማሪ መጥቶ እትዬ ጽጌረዳን ጠየቃቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ለሲኞራ ሬጂና የተነገራቸው “ሠራተኛዎ አልደወለችም” የሚል ነበር። እንዴት እንዲህ ሊባል እንደቻለ እትዬ ጽጌረዳ አያውቁም። ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ይስማቸው። ሲኞራ ሬጂና ሻንጣቸውን ደጅ አወጡባቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጽጌረዳ ስንቱን የሮማ ሽማግሌ አጥበውና አስታመው ቀበሩ፤ ሆኖም ልጅ ያስገደለች የሚለው ስም ከላያቸው አልወረደም። ገዳዩ ተፈረደበት አልተፈረደበት ለእሳቸው ሌላ ጉዳይ ነው። የሚፈልጉት ሲኞራ ሬጂና በሕይወት እያሉ “ደውላ ነበር” የሚለውን ቃል በጆሯቸው እንዲሰሙ ነው።

መጥሪያው ሲመጣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ያለው አቶ ዑቕባሚካኤል ምክሩን ሳይለምኑት ለገሰ። “አሎራ፣ በአይሁድና በአረብ ጠብ አንቺ ምን አገባሽ? ቺታዲናንሳሽን፣ ዜግነትሽን ይዘሽ አርፈሽ አትቀመጪም?” ይህ ሰው የዩኒፎርም ቁልፍ ካየ ለፖስተኛም ቢሆን ብድግ የሚል ነው።

“ልጁን ያጠብኩት በዚህ በእጄ ነው” አሉት እትዬ ጽጌረዳ። “አገባኝ።”

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰፈራችን ከፒኜቶ እስከ ፍርድ ቤቱ ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ችሎት አይቼ አላውቅም። ጠበቆቹ ጥቁር ካባቸውን እንደ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ስልክ ይጎረጉራሉ። ጋዜጠኞቹ ባዶውን ወንበር ፎቶ አነሱና ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ። ሲኞራ ሬጂና አርጅተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ወደ እኛ ዞር ብለውም አላዩ።

ዳኛው ጠየቁ። “ሲኞራ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ለፖሊስ ደውለው ነበር?”

እትዬ ጽጌረዳ አገጫቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ድምፅ እስኪያሰማ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እኛ ዘንድ ይህ አዎ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያንኛውን ከአብዛኛው ሮማዊ አሳምረው ቢናገሩም፣ ልባቸው ሲመታ የቀደማቸው የሀገራቸው አዎንታ ነበር።

ዳኛው ደነገጡ። “ውሃ! ውሃ ስጧቸው! ይረጋጉ፣ ሲኞራ!”

ዐቃቤ ሕጉ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው ብድግ አለ። “ክቡር ዳኛ፣ ያኔም እንዲሁ ሆነው ነበር” ብሎ የድሮውን ቃል አነበበ። “ምስክሯ በድንጋጤ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ መልስም አልሰጠችም።”

ደሜ ፈላ። ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል! ያ መርማሪ ተብዬ አንዲት ሐበሻ ትንፋሿን ብትስብ ምን ማለቷ ይሆን ብሎ ደግሞ ለመጠየቅ እንኳ አልደከመም። ለአለቆቹማ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው፤ ያልደወለች ገረድ ካለች ያልመጣ ፖሊስ የለም።

አፌን ልከፍት ስል ከፊት አንድ የአሮጊት ድምፅ ቀደመኝ።

“አዎ ማለቷ ነው!” ሲኞራ ሬጂና በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። “ልጁ በልቷል? ስላት፣ ተኝቷል? ስላት፣ አራት ዓመት ሙሉ በቤቴ እንዲህ ነበር የምትመልስልኝ! አዎ ማለቷ ነው!”

“ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም!” አሉ ዳኛው ጠረጴዛውን እየመቱ።

“ደውያለሁ!” አሉ እትዬ ጽጌረዳ በጣሊያንኛ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። “ይመጣሉ አሉኝ፤ አልመጡም!”

ዳኛው ለጸሐፊዋ መዝግቢ ብለው ምልክት ሰጡ። ቀጥለውም ስልኩን ተቀብሎ ዝም ያለው ሰው የዚህ ችሎት ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የእሱ ነገር በይርጋ እንደታገደ አስረዱን። ራሳቸው አርባ ዓመት አስተኝተውት ሲያበቁ ጊዜው አለፈበት ይሉናል፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበዋል። ከዚያ ለቡና ተነሡ።

ኮሪደሩ ላይ ሲኞራ ሬጂና እየተጎተቱ ደረሱብን። የእትዬ ጽጌረዳን እጅጌ ያዙ።

“ጽጌ፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ማን ነበር?”

“አላውቀውም፣ ሲኞራ። ‘ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይመጣሉ’ ብሎኝ ዘጋው።”

“ስሙን አልነገረሽም?”

“አልነገረኝም።”

ሲኞራ ሬጂና እጅጌውን አልለቀቁም።

“አርባ ዓመት ሙሉ አንቺን ጠላሁ” አሉ። “ስሙን የማውቀው የአንቺን ብቻ ነበር።”