ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጉድጓድ

አጎቴን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ማህተም» እያለ ነው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱ ግን አይጠላውም ነበር። የሰርግ መጥሪያ ሲደርሰው እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ዕለቱና ቀኑ መግጠማቸውን ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን «ማክሰኞ» ብሎ ጽፎ ቀኑ ረቡዕ ላይ ሲውል፣ አጎቴ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት መጥሪያውን ለሙሽራው አባት መለሰው። የታረመ መጥሪያ አልደረሰኝም ብሎ ከሰርጉም ቀረ። እኛ እንስቅበታለን፤ እሱም አብሮን ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ሥራው ጦር ሰፈሩ ውስጥ ነው። ወታደር አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የውል ክፍል ሠራተኛ ነው። ክፍሉን አንዴ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሁለት ጠረጴዛ፣ በተከፈተ ቁጥር የሚጮህ የብረት ቁም ሳጥን፣ ሁለት ቁልፍ ያለው የጨረታ ሳጥን፣ ከበላዩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ የሚያስተካክለው የግድግዳ ሰዓት። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማጠቢያው ብቻ ነው። ጉቦ የሚባል ነገር በዚያ በር ገብቶ አያውቅም፤ አንድ ድርጅት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቢያመጣለት እንኳ አስፈርሞ መልሶለታል።

ጦር ሰፈር ትልቅ ቤት ነው። ነዳጅ ማጠራቀሚያ አለው፣ ጋራዥ አለው፣ የተቃጠለ ዘይትና ቆሻሻ መጣያ አለው። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ አንድ የምህንድስና ድርጅት ይቀጠራል፤ አፈሩንና ውሃውን የሚመረምር፣ ዘይቱ የት እንደሚደፋ የሚከታተል፣ ሪፖርት የሚጽፍ። በወረቀት ላይ «የአካባቢ ጥበቃ ድጋፍ» ይባላል። ድርጅቱ የሚመረጠው በችሎታው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የመስክ ጉብኝት አለ። ሁሉም በአንድ ጠዋት ይመጣሉ፣ በሰፈሩ አውቶቡስ ይዞራሉ፣ ተመልሰው መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። መዝገቡ ልክ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ያልፈረመ አይወዳደርም።

ደንቡን ያወጣው ራሱ አጎቴ ነው። በፊት ቦታውን በዓይናቸው ሳያዩ የሌላ ቦታ ጥናት ገልብጠው የሚያስገቡ ነበሩ፤ አንዱማ ሰፈሩ ውስጥ የሌለ ወንዝ አጸዳለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር። ይህን ልመሰክርለት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው እሱንም እኔንም የሚያኮራ አይደለምና።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጉብኝቱ ቀን፣ ሰባት ድርጅቶች መጡ። ስድስቱ አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ይወርዱና ፎቶ አንስተው ጥላ ፍለጋ ይመለሳሉ። ሰባተኛው የጎማ ቦቲ ያደረገ ሽማግሌ መሐንዲስ ነው፤ ድርጅቱ ማለት እሱና ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። ነዳጅ ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርሱ ተንበርክኮ እፍኝ አፈር አነሳና አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ መሬቱ ወደየት እንደሚያዘቀዝቅ አየ።

«ከአጥሩ ወዲያ ምን አለ?» አለ።

«ሰው ነው ያለው» አለ አጎቴ። «ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግን የኛ ሥራ አይደለም።»

«የሚጠጡት ከየት ነው?»

«ከጉድጓድ።»

ሽማግሌው ዘበኛውን አስፈቅዶ በትንሿ በር ወጣና ቁልቁለቱን ወረደ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለነው እኛ ነን። ጉድጓዱ ከእናቴ በር ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። እናቴ የአጎቴ ታላቅ እህት ናት፤ ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ኮስታራነቱ «እትዬ» ሲላት ይጠፋል። ያን ቀን ልብስ ታሰጣ ነበር። እንግዳ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ስታየው የጠማው መሰላት፤ ባልዲውን ስባ በጣሳ ቀዳችለት። ሰውዬው ጣሳውን ተቀብሎ አሸተተ፣ ወዲያ ወዲህ አነቃነቀ፣ ጣቱን ነከረበት። ከዚያ አመሰገናትና ውሃውን ደፋው።

«ደፋው እኮ!» ትለን ነበር እናቴ ለወራት። «በእጄ ቀድቼ ሰጥቼው፣ ፊቴ ደፋው!»

አውቶቡሱ አልጠበቀውም። ሽማግሌው በእግሩ ዞሮ ቢሮ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ካሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። አጎቴ ከስድስቱ ፊርማ በታች በማስመሪያ አስምሮ ማህተሙን መትቶበታል።

«ወንድሜ፣ እያዩኝ እኮ ነው የሄድኩት» አለ ሽማግሌው።

«እኔ አይቻለሁ» አለ አጎቴ። «መዝገቡ ግን አላየም።»

ሽማግሌው አልተከራከረም። ወንበር ጠይቆ ተቀመጠና በእጁ አንድ ገጽ ጻፈ። ጉድጓዱ የነዳጅ ሽታ አለው፤ መሬቱም ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ወደ እሱ ያዘቀዝቃል፤ ማንም ያሸንፍ ማን ውሃው ይመርመር፤ እስኪመረመር ድረስ ሰው ባይጠጣው ይሻላል ይላል። አጎቴ ወረቀቱን አነበበው። ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ራሱ ነግሮኛል። ግን ሰውዬው በበር ሲከለከል በመስኮት ሊገባ ነው ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ከውድድር የወጣ ድርጅት ሰነድ ማስገባት አይችልም። በወረቀቱ ራስጌ ላይ «ተመላሽ» የሚለውን ማህተም መታበት፣ ፈረመበት፣ መለሰለት። ሽማግሌው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እሑድ ምሳ ላይ አጎቴ ይህን እንደ ቀልድ አወራልን። «መዝገቡ ግን አላየም»ን ሲደግማት ደስ ብሎት ነበር።

«ቆይ፣ ባለ ቦቲው ነው?» አለች እናቴ። «ያ ውሃዬን የደፋው? እንኳን ጣልከው! ስድ!»

ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያው ጉድጓድ የተቀዳውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁለትና አጎቴ እየሳቀ ጠጣው። ስለ ወረቀቱ ግን ያን ቀን ትንፍሽ አላለም።

ያሸነፈው ድርጅት ክፉ አልነበረም። በሦስት ዓመት ዘጠኝ ሪፖርት አስገባ፤ ገጹ ሁሉ የተፈረመ፣ ካርታው በቀለም የተሠራ። ካርታው አጥሩ ላይ ሲደርስ ነጭ ይሆናል፤ የሥራ ዝርዝሩ «በአጥሩ ክልል ውስጥ» ነው የሚለው። ዝርዝሩን ከቀድሞው ውል ቃል በቃል የገለበጠው አጎቴ ነው። ገልባጭ ለማባረር ደንብ ያወጣ ሰው!

ባለፈው በጋ ውሃው ለሁላችንም መሽተት ጀመረ። የጤና ቢሮ ሰዎች መጥተው በብልቃጥ ወሰዱ፤ በሳምንቱ የጉድጓዱን ክዳን በሰንሰለት ቆልፈው ቀይ ቀለም ቀቡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። እናቴ ያኔ ታማለች፤ ኩላሊቷን ነው። ከውሃው ይሆን ወይ ብለን ስንጠይቀው ሐኪሙ ነውም አይደለምም ለማለት አልደፈረም። «ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል» አለን። ይህ ቃል ለሌላ ሰው መጽናኛ ይሆን ነበር፤ ለአጎቴ አልሆነውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ከሥራ በፊት፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ከከተማ ያመጣል። እናቴ በሯ ላይ ቆማ ትቀበለዋለች።

«ተባረክ ወንድሜ። ከወለድኩት በላይ ነህ። ክፉ አይንካህ።»

እሱ ቀና ብሎ አያያትም። እሷ ትሕትና ይመስላታል።

አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ጓዳ ሳስገባ ተከትሎኝ ገባ፤ በሩን መለስ አድርጎ ሁሉንም ነገረኝ። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነው ደስ የሚለኝ» አለ። ተናደድኩ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ያ እሑድ ትዝ አለኝ፤ የገዛ ሳቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ለእናቴ ልንገራት ስለው «እኔው ነኝ የምነግራት፤ ግን አሁን አይደለም» አለኝ። «አሁን አይደለም» በምትል ቃል ሁለት ወር ሙሉ ሁለታችንም ተጠለልን። በየጠዋቱ ምርቃቱ ሲወርድ እኔም መጥረጊያ ፍለጋ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም።

በዚህ መሃል ውሉ አልቆ አዲስ ድርጅት የሚቀጠርበት ጊዜ ደረሰ። አጎቴ በአዲሱ የሥራ ዝርዝር ላይ «ከአጥሩ ውጭ ያለውን ጉድጓድና ቁልቁለቱን ጨምሮ» ብሎ ጻፈ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻለቃ መለሰበት። ሻለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ የጠየቀው አጎቴ ራሱ ያስተማረውን ነው።

«ከአጥር ለመውጣት መነሻ ሰነድ ያስፈልገናል» አለው። «የጤና ቢሮው ወረቀት ውሃው መበላሸቱን እንጂ ከኛ መምጣቱን አይናገርም። ከኛ ነው ብሎ ያኔ የጠረጠረ ሰው አለ? በጽሑፍ?»

መዝገብ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ለምን እንደሌለ የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው።

የሽማግሌው ቢሮ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አጎቴ ደረጃውን ሲወጣ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሰውዬው በሩን ሲከፍት ጠፋበት።

«ያቺን ወረቀት...» አለ። «ጥለዋት ይሆናል።»

ሽማግሌው ከመሳቢያ ፋይል አወጣ። እንደታጠፈች ናት። ራስጌዋ ላይ «ተመላሽ» ይላል፤ ከሥሩ የአጎቴ ፊርማ።

«ተመላሽ እኮ ናት» አለ ሽማግሌው። «አሁን ትቀበሏታላችሁ?»

አጎቴ በዕድሜው ከዚህ የመረረ ነገር አልሰማም። ሽማግሌው ሊሰድበው አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀው። የምር መሆኑ ነው የባሰው።

ራስጌዋን ሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገውም። ዋናዋን እንዳለች ሻለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖራት።

«ማነው የመለሳት?» አለ ሻለቃው።

«እኔ ነኝ።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሊሰጠው ሲዘገይ፣ ራሱ ወጪ ቁጥር ሰጥቶት የራሱ ፋይል ውስጥ አስገባው፤ ሰው ጠባዩን የት ይጥለዋል? ጉድጓዱ ግን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

ያለፈው ሐሙስ የጉብኝቱ ቀን ነበር። በዚህ ጊዜ አጎቴ መዝገቡን ይዞ አውቶቡሱ ውስጥ ገባና ሳይነሱ ሁሉንም አስፈረመ። ሽማግሌውም ፈረመ። አውቶቡሱ በትልቁ በር ወጥቶ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መጣ። እናቴ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሰዎቹ ሰንሰለቱን ከበው ሲያዩ፣ እሷ የምታየው አንዱን ብቻ ነው።

«እርስዎ! ውሃዬን የደፉት ሰውዬ አይደሉም?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። አጎቴም ከኋላው መጣ።

«ነኝ እህቴ። ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ በአፍንጫዬ ብቻ ተማምኜ ሰው ላስደነግጥ አልወደድኩም።» ስለ ወረቀቱ አላነሳም። ወደ አጎቴም ዞር አላለም።

እናቴ ቂም አታውቅም፤ ወዲያው ሳቀች። «ለኔማ ቢነግሩኝ ምን አውቅ ነበር? ለወንድሜ ነበር እንጂ መንገር! ይኸው፣ እዚያው እኮ ነው የሚሠራው። ለሱ ቢነግሩት ኖሮ በዚያው ቀን ያስዘጋልኝ ነበር።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለፍ ይችል ነበር። እኔ ብሆን አሳልፈው ነበር፤ እንዲያውም በልቤ እንዲያልፍ እየለመንኩ ነበር።

«ነግሮኛል፣ እትዬ» አለ አጎቴ።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን። በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ ነገረኝ። አነበብኩትና መለስኩለት።»

እናቴ ልክ እንደማታውቀው ሰው አየችው። ቀጥሎ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኔን ስሰብር እኔም አውቅ እንደነበር ገባት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወንበሯን አንስታ፣ ላግዝሽ ስላት እጄን ገፋ አድርጋ፣ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቱ በሰዓቱ መጣ። እናቴ እንደ ወትሮዋ በር ላይ ቆማለች። አጎቴ ሁለቱን ጀሪካን አውርዶ እግሯ ሥር አስቀመጠና፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ትንሽ ቆመ። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ ውሃውን ተቀበለች። ተባረክ አላለችም።

አጎቴ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ብስክሌቱን አዙሮ ወደ ሥራው ሄደ።